የታሸገው በርና አሥራ ሦስቱ ቅጂዎች

ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለክቡር አቶ ሣህሉ
የጣና ዳር ጀልባዎች ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ክረምቱ ገና መግባቱ ነውና ብርዱ ጉልበትዎን እንዳይዘው፣ ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበትም ደረትዎን እንዳያስቸግረው፣ በየጠዋቱ ወደ ቢሮዎ ሲወጡ ደረጃው እንዳይከብድዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በሹም አቦ ያለን ሰዎች እንቅልፍ ከማጣታችን በስተቀር ደህና ነን።

እኔ የብርጓል እባላለሁ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ሳስገባና ሳስወጣ ሃያ ሁለት ዓመት የቆየሁ ሠራተኛ ነኝ። እርስዎ ይበልጥ የሚያውቁት ግን ባለቤቴን ኪዳነ ወልድን ነው፤ በጽሕፈት ቤትዎ የጀልባ ደህንነት ተቆጣጣሪ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለውን፣ ዛሬ ደግሞ በቸልተኝነት የሰው ሕይወት እንዲጠፋ አድርጓል ተብሎ የተከሰሰውን። ጉዳዩ ሐምሌ 14 ቀን በፍርድ ቤት ይሰማል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ በመጻፌ እንዳይቀየሙኝ። በመጀመሪያ በወረቀት ጽፌ በእጄ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና ጽሕፈት ቤቱ ወረቀት መቀበል እንዳቆመና በኢሜይል መላክ እንዳለብኝ ነገረችኝ። በኢሜይል ላክሁ፤ ሰርቨራችሁ ከሚያዝያ ጀምሮ ስላልተነሣ ደብዳቤዬ ተመልሶ መጣ። ይህንኑ ልነግራት በወረቀት ጽፌ ብመጣ፣ ወረቀት መቀበል እንዳቆሙ በድጋሚ በትሕትና አስረዳችኝ። ከዚህ በላይ ትሕትናዋን መፈታተን ነውር መስሎ ስለታየኝ ወደ ሕዝብ ፊት ወጣሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በዘንድሮው ፋሲካ ዋዜማ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ሠላሳ አራት ሰው ጭና ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የምትሄድ አንዲት ጀልባ ሐይቁ መካከል ላይ ውሃ ገባባት። በአቅራቢያው የነበሩ ዓሣ አስጋሪዎች በታንኳ ደርሰው ሠላሳ ሦስቱን አወጡ። አንዱን አላገኙትም። እሱም አብዱልበሲጥ የሚባል የወረታ ነጋዴ፣ ለበዓሉ ገበያ ልብስ ይዞ የሚሄድ የሦስት ልጆች አባት ነበር፤ አስከሬኑ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ባለቤቴ ከዚያ አምስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ የዚችው ጀልባ ብረት ከሞተሩ ሥር ዝጎ በጣት ሲጫኑት እንደሚገባ ገልጾ፣ ሰው ከመጫን ወዲያውኑ እንድትታገድ ለእርስዎ በኢሜይል ጽፎ ነበር። እገዳ የሚጸናው በእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። እንግዲህ የባለቤቴ ዕጣ በዚያች ደብዳቤ ላይ ቆሟል፤ ደብዳቤዋ ካለች ኪዳነ ወልድ ሥራውን የሠራ ሰው ነው፣ ከሌለች ደግሞ እያየ ዝም ያለ ሰው ነው። ደብዳቤዋ የለችም። እንዴት እንደጠፋች ለማወቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛልና፣ በየደረጃው ላደረጉት አስተዋጽኦ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ጽሕፈት ቤትዎን ስላዘመኑት አመሰግናለሁ። መስከረም ላይ ባወጡት ሰርኩላር፣ ከእንግዲህ በሠራተኞች መካከል በወረቀት መጻጻፍ ኋላ ቀርነት እንደሆነ፣ ኢሜይልን አትሞ ማስቀመጥም ወረቀት ማባከን ተብሎ እንደሚያስጠይቅ አስታውቀው ነበር። እኔ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ባለቤቴ የሚጽፈውን ሁሉ አንዳንድ ቅጂ አትሞ ቤት እንዲያስቀምጥ ጨቅጭቄው ነበር። እሱ ግን መመሪያ አክባሪ ነው። ሰርቨሩ ባክአፕ እንዳለው፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ በየዓርቡ የደብዳቤዎቹን ዳታቤዝ ሙሉ በሙሉ እንደምትገለብጥ ነግሮኝ በኋላ ቀርነቴ ሳቀብኝ። ከአንድ ፎቅ ወደ ሌላ ፎቅ የሚላክ ኢሜይል የላኪውም የተቀባዩም በዚያው በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ያ ሲጠፋ ሁለቱም አብረው እንደሚጠፉ ያኔ አልገባኝም። የእኛ መዝገብ ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ አይጥም አለበት፤ ሆኖም በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድን ደብዳቤ ከነግልባጩ የበላች አይጥ አላየሁም።

2ኛ፦ ለዘመን አቆጣጠራችን ስላሳዩት ተቆርቋሪነት አመሰግናለሁ። ይህኛው ሰፋ ያለ ምስጋና የሚገባው ነው። በየኢሜይሉ ራስ ላይ የሚወጣው ቀን የፈረንጅ መሆኑ ቅር ስላሰኘዎ፣ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት በኢትዮጵያ ቀን መሥራት አለበት ብለው የሰርቨሩ የራሱ ቀን ከ2024 ወደ 2017 እንዲመለስ አዘዙ። ሐሳቡ የሚያስከብር ነው፤ እኔም በፈረንጅ ቀን ቀጠሮ ሲሰጠኝ አልወድም። ዳሩ ግን ማሽኑ ከራሱ ወራት በቀር ሌላ ወር አያውቅምና፣ መስከረምን አንደኛ ወር፣ ጥቅምትን ሁለተኛ ወር እያደረጉ ቢሞሉለት፣ የእሱ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ስለሆነ የጥቅምትን ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ አልቀበልም አለ። ስለዚህ ባለሙያዋ ሊድያ በየጠዋቱ ቀኑን በእጇ እየመለሰች፣ ጽሕፈት ቤቱ ጥቅምት ሃያ ስምንትን ሦስት ቀን በተከታታይ እንዲኖር ተደረገ። ጳጉሜን ምን ሊያደርጓት አስበው እንደነበር ለማየት ጓጉቼ ነበር፤ ሳይደርሱባት ቀሩ።

ሊድያ ይህ አሠራር ጉዳት እንዳለው በጽሑፍ አመልክታ ነበር አሉ። ያመለከተችው በኢሜይል ስለነበረ እሱም ከሌሎቹ ጋር ነፍሱን ይማረው። በዚያ ላይ፣ ከቀኑ መዛባት የተነሣ፣ ሠራተኛው ኢሜይሉን ሊያይ ሲል በየጠዋቱ ይህ ገጽ አያስተማምንም የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ይወጣበት ጀመር፤ እርስዎም ማስጠንቀቂያውን አልፎ እንዴት እንደሚቀጠል በሥዕል የተደገፈ ማብራሪያ አስበተኑ። ማስጠንቀቂያን አልፎ መቀጠል በጽሕፈት ቤትዎ ልማድ የሆነው ከዚያ ወዲህ ይሁን ከዚያ በፊት አላውቅም። አባቶች ይህን የመሰለውን ነገር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል።

3ኛ፦ ለሥርዓት ያለዎትን አክብሮት በተመለከተ። ሚያዝያ 20 ቀን መርማሪዎቹ የባለቤቴ ኢሜይል እንዲቀርብላቸው ጠየቁ። በማግስቱ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ የሰርቨሩን ሃርድ ዲስክ አቃጠለው። ይህን የሚሰሙ ሰዎች እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ፤ እኔ ግን እርስዎን በዚህ አልጠረጥርዎትም። በከተማችን መብራት የሚሄደው ማንንም አስፈቅዶ አይደለም። ተንኮል ቢሆንማ ኖሮ ለእኔ እንዴት በቀለለኝ፤ ተንኮል ቢያንስ አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል።

ሊድያ በዲስኩ መቃጠል አልደነገጠችም። በሌላ ዲስክ ላይ በየዓርቡ የገለበጠቻቸው አሥራ ሦስት ቅጂዎች ነበሯት፤ ከእነዚህም ውስጥ የሚያዝያ 10ና የሚያዝያ 17 ቅጂዎች የባለቤቴን ደብዳቤ ከነመልስዎ ይዘዋል። ቦታ እንዳይሞላም ዘጠና ቀን ያለፈውን ቅጂ ማሽኑ ራሱ በየሌሊቱ እየለየ እንዲጥል ታዟል። ረቡዕ ሚያዝያ 22 ቀን አዲስ ዲስክ ገጥማ የኢሜይሉን ፕሮግራም እንደ አዲስ ጭና ልታስነሣ ስትል፣ ፕሮግራሙ በፈረንጅ 2017 ገና ያልተሠራ ስለሆነ አልነሣም አላት። ሻጮቹ በስልክ ቀኑን ወደ ትክክለኛው 2025 እንድትመልሰው ነገሯት፤ መለሰችው። በዚያች ደቂቃ አሥራ ሦስቱም ቅጂዎች በማሽኑ ዓይን አረጁ። የተገለበጠ አምስት ቀን የሆነው ሳይቀር ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያለፈው መስሎ ታየ።

ልጅቱ አደጋው ወዲያው ገብቷት ወደ ቢሮዎ ሮጠች። ወይ ደብዳቤዎቹን አሁኑኑ እንድትመልስ፣ ወይ ቅጂዎቹን በሌላ ዲስክ እንድታስቀምጥ፣ ሁለቱም ካልሆነ ማሽኑን አጥፍታው እንድታድር ለመነችዎ። እርስዎም እያንዳንዱን ልመና በሥርዓት መለሱ። ደብዳቤ መመለስ እንደ ንብረት ርክክብ ስለሚቆጠር ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ሳይፈርም አይደረግም፤ ከአባላቱም አንዱ አቶ ይትባረክ ግሽ አባይ ለቅሶ ሄደዋል። ባዶ ዲስክ ከግምጃ ቤት የሚወጣውም በእነዚያው ሦስት ፊርማዎች ነው፤ ለመሆኑ የቅጂ ቅጂ ምን ያደርጋል? ማሽኑን ማጥፋት ደግሞ ማስረጃን መነካካት ነው፣ በነበረበት ይቆይ። ከዚያም ማንም እንዳይገባ ማሽኑ እየሠራ በሩ ተቆለፈ፤ በላዩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ቁልፉም በእርስዎ ኪስ ገባ። ሊድያ በሩ አጠገብ ቆማ ስታለቅስ ያዩአት ሰዎች አሉ።

ሐሙስ የሠራተኞች ቀን ስለነበር ሥራ አልነበረም። ዓርብ ኮሚቴው ተሟልቶ በሩ ተከፈተ። ቃለ ጉባኤውን ጠበቃችን አሳይቶኛል። የተለጠፈው ወረቀት ሳይቀደድ፣ ማኅተሙ ሳይነካ፣ መቆለፊያውም ሳይሰበር መገኘቱን በሁለት ገጽ በጥንቃቄ ይዘረዝራል። ቅጂዎቹ የነበሩበት ቦታ ባዶ መሆኑ በመጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ተጠቅሷል። ከዚያ በታች ሦስት ፊርማ አለ፤ የአቶ ይትባረክ ፊርማ ከሁሉም ያምራል።

4ኛ፦ ሊድያ ቀን ያለ ፈቃድ ቀይራለች ተብላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለተሰጣት። ምንም አልጨምርበትም።

5ኛ፦ በግንቦት ወር ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ስለ መረጃ አያያዝ ለሁለት ቀን ያካሄዱትን ስልጠና ሳላመሰግን ባልፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ አሉባልተኞች ቢኖሩም፣ በመክፈቻው ላይ መረጃ የሀገር ሀብት ነው ብለው መናገርዎን ሰምቼ ተጽናንቻለሁ።

6ኛ፦ ለፍርድ ቤቱ የጻፉት ደብዳቤ። እሱ እንኳ በወረቀት ነው፤ አንብቤዋለሁ። ሠራተኛው ያቀረበው ማስጠንቀቂያ ስለመኖሩ በጽሕፈት ቤታችን ማስረጃ አልተገኘም ይላል። ከፊደል እስከ ነጥቡ አንዲትም ሐሰት የለበትም፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ደብዳቤ በሥራ ዘመኔ ብዙ አልገጠመኝም። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ በእኛም መዝገብ ቤት የተማሪ ካርድ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ካርዱን ስናጣ መምህራኑን እንጠይቃለን፣ አብረውት የተማሩትን እንፈልጋለን፤ ልጁ አልተማረም ብለን ግን ጽፈን አናውቅም። እርስዎ የት እንደጠፋ እያወቁ፣ በማን ትእዛዝ እንደጠፋም እያወቁ፣ አልተገኘም ብለው ቆሙ። የቀረውን ዐቃቤ ሕጉ ሞላው።

ከዚህ በታች የምጽፈው ምስጋና ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠውም።

ኪዳነ ወልድ እንዴት እንደሚሠራ እርስዎም ያውቃሉ። በየወደቡ በባትሪና በትንሽ መዶሻ እየዞረ፣ የጀልባውን ሆድ መታ መታ እያደረገ፣ ጆሮውን ደቅኖ የሚሰማ ሰው ነው፤ ባለጀልባዎቹ ሐኪሙ መጣ ይሉት ነበር። አሁን ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ አይሄድበትም። ወደ ገበያ እንኳ ስንወጣ ሐይቁን ላለማየት በሚያዞረው በኩል እንሄዳለን። ባለፈው ሳምንት ምሳ እየበላን ሳለ እጁን ከትሪው ላይ አነሣና፣ የብርጓል፣ እውነት ጽፌዋለሁ? ወይስ ልጽፈው አስቤ ቀርቻለሁ? አለኝ። ክሱን ስሰማ ያልፈራሁትን ያህል ያን ጊዜ ፈራሁ። ሰውዬው የሠራውን ሥራ እስከ መጠራጠር ደርሷል፤ ደብዳቤውን ከሰርቨሩ ያጠፋችሁት ሳያንስ ከባሌ ልብ ውስጥም ልታጠፉት ነው። ተናድጃለሁ፤ ይህን የምገልጽበት ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

እኔ ግን አልጠራጠርም፤ መልስዎን በዓይኔ አይቻለሁና። ሚያዝያ 7 ቀን ማታ ባለቤቴ ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ፤ ደርሶኛል፣ ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን ይላል። ለምን ከበዓሉ በኋላ ይሆናል ብዬ ብጠይቀው፣ መንገደኛ በሚበዛበት ሰሞን ጀልባ ማገድ ከብዷቸው ነው ብሎ ለእርስዎ ተከራከረልዎ። ዛሬ ያው ስልክ ያንን መልስ አያሳይም፤ በሰርቨሩ በኩል የሚከፈት ነበርና። አየሁ ብዬ ልመስክር ብልም፣ ጠበቃችን የሚስት ቃል ብዙ ክብደት እንደማይሰጠው ነግሮኛል።

የሟቹ ባለቤት ዘይነት ከወረታ ቤታችን ድረስ መጥታ ነበር። በሩን ስከፍት ልትረግመን የመጣች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ድምፅዋን ሳታነሣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ባሏ ከመሳፈሩ በፊት ጀልባዋ እንደማትሆን ያወቀ ሰው ነበረ ወይ? ኪዳነ ወልድ፣ ነበረ፣ እኔ አውቄ ነበር፣ ለአለቃዬም ጽፌ ነበር አላት። እስቲ ወረቀቱን ያሳዩኝ አለችው። የሚያሳያት ነገር አልነበረውም። ጥቂት ፊቱን አይታ፣ ተቀመጪ ብላትም ሳትቀመጥ ሄደች። ያን ቀን ከተከሰሰበት ቀን ይልቅ ሲያፍር አየሁት።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልምጣ። እኔ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው በዚህ በሁለት ወር መከራ የተማርሁትን ብቻ ነው። እስከገባኝ ድረስ የባለቤቴ ደብዳቤ ከአሥራ ሦስቱ ቅጂዎች ሌላ ያልተሰረዘ አንድ ቅጂ አለው። እሱም እርስዎ ነዎት። ደብዳቤውን አንብበዋል፣ አስበውበታል፣ መልስም ሰጥተውበታል፤ ይህን ለመመለስ ቃለ ጉባኤ አያስፈልግም፣ ለቅሶ የሄደ ሰውም አይጠበቅም። ሐምሌ 14 ቀን ጠዋት በሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ደብዳቤው ደርሶኝ ነበር፣ ያቆየሁት እኔ ነኝ ይበሉ። ይህን መናገር ወንበርዎን ሊያሳጣዎት እንደሚችል አውቃለሁ፤ ምናልባትም ኪዳነ ወልድ የቆመበት ቦታ ሊያቆምዎት ይችላል። ቀላል ነው አልልም። ነገር ግን ያ ቦታ ባዶ አይደለም፤ የእርስዎን ድርሻ ተሸክሞ የቆመበት ሰው አለ።

ገና ላልሰጡን ትብብር አስቀድሜ በማመስገን እንዳላሳፍርዎት ብዬ ምስጋናዬን እስከ ሐምሌ 14 አቆየዋለሁ። እስከዚያው ድረስ ጤና፣ ሰላምና ያልተቋረጠ መብራት ከቤትዎ እንዳይለይ እየተመኘሁ፣ ለከፍተኛ ኃላፊነትዎ የሚገባውን አክብሮት በሙሉ ሳላጓድል አቀርባለሁ።

የብርጓል
የኪዳነ ወልድ ሚስት፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ሹም አቦ፣ ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለኮሚቴው ሦስት አባላት፣ ሲሟሉ
ለወይዘሪት ሊድያ
በወረቀት ታትሞ ለራሴ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ዘይነት ከወረታ ደወለችልኝ፤ ስልኬን ከማን እንዳገኘች አልጠየቅኋትም። ሐምሌ 14 ቀን ሦስቱንም ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። እርስዎን በመልክ ስለማታውቅዎ የትኛው እንደሆኑ እንዳሳያት ለመነችኝ፤ እሺ ብያታለሁ። ከቀሩም የሚቀመጡበትን ባዶ ወንበር አሳያታለሁ።